ለኮሚቴው የተጠረገው ዳርቻ

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነበር፤ ግማሹን ማኅተሙ ይዞታል። በሦስት ዓመት ውስጥ ለጻፍኳቸው አሥራ አንድ ማመልከቻዎች የመጣ የመጀመሪያ መልስ ስለሆነ አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ተመልሼ ዘረጋሁት። «ኮሚቴው በመጪው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ተገኝቶ፣ አመልካቾች ቦታውን ከጥንት ጀምሮ ስለመጠቀማቸው የሚያስረዳ በዓይን የሚታይ ምልክት መኖር አለመኖሩን ያጣራል» ይላል። ምልክት ከተገኘ ሸምበቆ የማጨድ መብታችን ይጸናል። ካልተገኘ ዳርቻው «የሰው እጅ ያልነካው ጥብቅ ሥፍራ» ተብሎ ይታጠራል።

«የሰው እጅ» የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። የእኛ እጅ የምን እጅ እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም።

የምኖረው ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማና አንድ የተቀደደ ጃንጥላ አለኝ። ሰው ተበደልኩ ብሎ ይመጣል፤ እኔ «በደል የደረሰብኝ ስለሆነ» ብዬ እጽፍለታለሁ፤ ደስ ብሎት ይሄዳል። ለወገኖቼ ስጽፍ ግን እጄ ይከብዳል። የከተማው ሰው «እርጥቦቹ» ይለናል፤ ከሐይቁ ሸምበቆ መካከል ስለወጣን ነው። ስድብ መሆኑን የሚያምን የለም። አከራዬ ከወዴት እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ «ከማዶ» አልኳት። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የትኛው ማዶ ብላ አልጠየቀችኝም፤ ውለታዋ አለብኝ።

እኛ ራሳችንን «እኛ» ነው የምንለው፤ ሌላ ስም የለንም። የመጀመሪያው ቅጽ ላይ «የማኅበረሰቡ መጠሪያ» በሚለው ቦታ «እኛ» ብዬ ሞላሁ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አየችውና «ይኼ እኮ እኔንም ይጨምራል» አለች፤ ሰርዛ «ሌሎች» ብላ ጻፈችበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በፋይል ስማችን ሌሎች ነው።

ቅዳሜ ደብዳቤውን ይዤ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ወገኖቼ ከአሥራ ሁለት ዓመት ወዲህ የሚኖሩት እዚያ ነው። «ለደኅንነታችሁ» ተብለው ነው ከውኃው ዳር የተነሡት፤ ከምን እንደሚጠበቁ የነገራቸው የለም። ቤቶቹ በአራት ረድፍ የተሰለፉ ቆርቆሮዎች ናቸው። በየበሩ ቁጥር በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ሳይደርቅ ዝናብ ስለመታው ከያንዳንዱ ቁጥር ሥር ቀይ መስመር ወርዷል። አክስቴ አርባ አንድ ቁጥር ናት። ክፍሏ ውስጥ አልጋ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ያላለቀ ምንጣፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማጭድ አለ። በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል ላደረገ ሰው፣ በሁለት ጣራዎች መካከል መዳፍ የምታህል ሐይቅ ትታየዋለች። አግዳሚው የት እንደተቀመጠ መናገር አያስፈልግም።

በዓመት ሦስት ወር፣ የማጨጃው ጊዜ ሲደርስ፣ ሴቶቹ ወደ ዳርቻው ይወርዳሉ። ከዚያው ከሸምበቆው ጎጆ ይቀልሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ምንጣፍና ቅርጫት ይሠራሉ። የቀረውን ዘጠኝ ወር አክስቴ ተራ እየጠበቅሁ ነው ትላለች፣ ሐኪም ቤት ወረፋ እንደያዘ ሰው። ዳርቻው ከታጠረ የሚቀርላት ወረፋው ብቻ ነው። ይህን አፍ አውጥታ አልነገረችኝም። አሥራ አንዱን ማመልከቻ ሁሉ ሳነብላት አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያቋረጠችኝ፤ እሺ ካሉ የምንወርደው ዘንድሮ ነው ወይስ ለከርሞ ብላ።

ሴቶቹ ተሰበሰቡ። አሥራ ሁለት ሴቶች በአንዲት ክፍል፤ አራቱ አልጋው ላይ፣ ሦስቱ አግዳሚው ላይ፣ የቀሩት መሬት። ደብዳቤውን አነበብኩላቸውና፣ ከመሥሪያ ቤት ቋንቋ ወደ ሰው ቋንቋ መለስኩላቸው።

«ሐሙስ ትላልቅ ሰዎች ይመጣሉ» አልኩ። «የኖርንበትን ሊያዩ ነው። ዳርቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞሩታል።»

«ምን ያህል ትላልቅ?» አለች አክስቴ።

«በመኪና የሚመጡ።»

አክስቴ ሴቶቹን አየች፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። በአርባ ዓመት ጉርብትና ከአክስቴ ጋር በአንድ ነገር እንኳ ተስማምታ የማታውቅ፣ ለዚህም «ተቃዋሚ» የሚል ስም የወጣላት ጎረቤቷ ሳትቀር ራሷን ነቀነቀች። ይህ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

«ሐሙስ አይደል?» አለች አክስቴ። «ይደርሳል።»

ምኑ እንደሚደርስ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ ከኮሚቴው ጋር በፒካፕ ወረድን። ሰብሳቢው ከፊት ተቀምጧል፤ የሕግ ባለሙያውና ቀያሹ ከኋላ፤ እኔ ከውጭ፣ ጭነቱ ላይ፣ ከአንድ እቅፍ ችካል ጋር። ስንንገጫገጭ ማመልከቻዬን በልቤ እደግመው ነበር። «ሠላሳ አራት ምድጃዎች፣ የጀልባ ማሰሪያ ግንዶች፣ የሸምበቆ ማድረቂያ ቆጦች፣ በእግር ብዛት እስከ ቁርጭምጭሚት የጎደጎደ መንገድ» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ውሸት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ማጨጃው ሳያልቅ ዘበኞች ስላስወጧቸው ሁሉም እንዳለ ቀርቶ ነበር፤ ባለፈው ወር ራሴ ወርጄ አይቼዋለሁ። እንዲያውም በልቤ ዘበኞቹን አመስግኛቸዋለሁ።

መኪናው ቆመ። ከላይ ወርጄ አየሁ።

ምንም አልነበረም። ብዙ ባዶ ቦታ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ባዶ ግን አላየሁም። የምድጃዎቹ ድንጋዮች ወደ ሐይቁ ተመልሰዋል። አመዱ በቅርጫት ተግዞ ውኃው ላይ ተበትኗል። ቆጦቹ ተነቅለው ጉድጓዳቸው በጭቃ ተሞልቷል፤ ጭቃው ላይ ሣር ተተክሏል። የጎደጎደው መንገድ አፈር ተሞልቶበት፣ ሣሩ በጣት ተበጥሮ ቀና ብሏል። የታጨደው ሸምበቆ ጉቶ ንጣቱ እንዳይታይ አንድ በአንድ ጭቃ ተቀብቷል። አሥራ ሁለቱ ሴቶች የታጠበ ልብስ ለብሰው በአንድ መስመር ቆመዋል። እጃቸው በሸምበቆ ተሸረካክቷል፤ ፊታቸው ግን ፈተና ያለፈ ተማሪ ፊት ነበር።

ያን ጊዜ ነው የራሴ ጥፋት የገባኝ። ለአሥራ ስምንት ዓመት ቅጽ ስሞላ የገዛ ወገኖቼን ረስቻቸዋለሁ። እንግዳ ይመጣል ብሎ ለእነሱ መንገርና፣ አትጥረጉ ሳይሉ መሄድ።

ልጅ ሳለሁ የማጨጃው የመጨረሻ ቀን ከሁሉም ቀን ይረዝም ነበር። ጎጆው ይፈርሳል፣ ድንጋዩ ይመለሳል፣ አመዱ ይበተናል። በዓመቱ ስንመለስ እያንዳንዱ ምድጃ፣ የሞተ ሰው ምድጃ ሳይቀር፣ በዚያው ቦታ ይሠራል። ትልልቆቹ ከባዱን ይሠራሉ፤ እኛ ልጆች በእንብርክክ እየሄድን የሸምበቆ ልጣጭ እንለቅማለን። የቀዘቀዘ አመድና የእርጥብ ሸምበቆ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ አንዳንድ ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ዝናብ ያገኘው ወረቀት ሲሸተኝ ድንገት እጄ ልጣጭ ፍለጋ ይሄዳል። ከሁሉ ኋላ አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ወደ ኋላው እየተራመደ የገዛ ዱካውን በሸምበቆ መጥረጊያ ያጠፋል። ምድጃ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ቁጢጥ ብሎ እንደ ሐኪም በመዳፉ ይዳስሳል፤ ትኩሳት ካለው ውኃ ይታዘዝለታል።

አንድ ዓመት ጣት የምታህል የገመድ ቁራጭ ጥዬ መጣሁ። ትዝ ያለኝ ወደ ሌላው ዳርቻ ግማሽ ቀን ከቀዘፍን በኋላ ነው፤ ሞኝ ስለነበርኩ ተናገርኩ። እናቴ ጀልባዋን አዞረች። ግማሽ ቀን ተመለስን፣ ገመዷን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ፣ ደግሞ ግማሽ ቀን ሄድን። የተቆጣኝ ሰው አልነበረም። አክስቴ ብቻ፣ ያን ጊዜ አዲስ ሙሽራ ነበረች፣ መንገዱን ሙሉ «ባለ ገመዱ» እያለች ስትስቅብኝ ዋለች። ሳቋ ውኃው ላይ ሲሄድ ይታየኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል።

«ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው፣ መጀመሪያ የመጣ ይምሰለው» ይል ነበር አያቴ። ለእንግዳ የሚሰጥ ከዚህ የበለጠ ነገር አናውቅም ነበር፤ ያልተነካ ቦታ። ይኸው ሆነ። ከእኛ በኋላ የመጡት ሁሉ መጀመሪያ የመጡ መሰላቸው።

ሰብሳቢው ዳርቻውን ከግራ ወደ ቀኝ አየ፤ ከዚያ ማመልከቻዬን አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ምልክቱ የታለ?»

«ጠርገውታል» አልኩ።

«ምኑን?»

«ምልክቱን።»

የሕግ ባለሙያው ዱር የሚጠርግ ሰው አለ እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ የጠየቀው ግን እኔን ሳይሆን ሐይቁን ነው። ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር፤ ወደ አክስቴ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማማ፣ እውነት እዚህ ኖረዋል?»

«ተወልጄበታለሁ።»

«ምንም አይታይማ።»

የአክስቴ ፊት በራ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ሁለት ቀን ፈጀብን እኮ።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አወጣ። አክስቴን እጇን ይዤ ወደ ጎን ወሰድኳትና ነገሩን አፍረጥርጬ ነገርኳት። የመጡት ምድጃውን ሊያዩ ነው፣ አመዱን፣ ቆጡን፣ የረገጥነውን። ያን ካላዩ አልኖራችሁም ይላሉ፤ ይታጠራል። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ቆሻሻችንን ሊያዩ ነው የመጡት?» አለች።

«አዎ።»

«በመኪና?»

ተቃዋሚ ከኋላችን ቆማ ትሰማ ነበርና፣ ልጁ ምን ያድርግ፣ ከተማ ገብቶ ሰው ቆሻሻውን ከበሩ ፊት ሲያስቀምጥ እያየ ነው የኖረው አለች። ለእኔ መከራከሯ እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ቀን የለም። አክስቴ ፈገግ እንኳ አላለችም። የቆመችበትን ሣር ታየዋለች። ዘንድሮም ለከርሞም አለመውረድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባት ያን ጊዜ ይመስለኛል። ሁለት ቀን ሙሉ በገዛ እጇ የጠረገችው የገዛ ራሷን ኖሯል።

ቀያሹ እስካሁን አንድ ቃል አልተናገረም። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ ሰው ከማየት መሬት ማየት የሚቀናው ሰው ነበር። ቁጢጥ ብሎ የተተከለውን ሣር በጣቱ ከፍ አድርጎ ሥሩን አየ፤ መልሶ አስተኛው። ከዚያ ተነሥቶ አክስቴን የመጀመሪያው እሳት የት ነበር ብሎ ጠየቃት።

አክስቴ ሳታመነታ ስድስት እርምጃ ሄደችና በእግሯ ጣት ነካችው። «እዚህ።»

ቀያሹ ሌሎቹን ሴቶች ከመኪናው ጀርባ አስኬዳቸው፤ ፊታችሁን ወደ ኮረብታው አድርጉ አላቸው። መሣሪያውን አቁሞ ቦታውን መዘገበ። ቀጣዩስ አላት። ሜትሩን የምይዝለት እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ ከእሷ ጋር ሁሉንም ዞርኩ።

ያንን ዙረት አልረሳውም። ባዶ ሣር ላይ እየሄደች መንደር ታሳየናለች። ይኼ የእናቷ ነው፤ ጭሱ ሁልጊዜ ወደ ውኃው ነበር የሚሄደው፣ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ። ይኼ የሳቂታዋ ነው፤ ድስቷ ሲገነፍል ትስቃለች እንጂ አታወርደውም። እዚህ ጋ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ተኳርፈው ምድጃቸውን ጀርባ ለጀርባ የሠሩ፣ እሳት ሲጠፋባቸው ግን ሳይነጋገሩ ፍም የሚለዋወጡ። እዚህ ጋ አንድ የማያስተኛ ሕፃን ነበር፤ አሁን ከተማ ውስጥ ትልቅ ሱቅ አለው፣ ሲያየን መንገድ ይቀይራል። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ይኼ የእናትህ ነው» አለችኝና፣ ሳትረግጠው ዞራው አለፈች።

እኔም ዞርኩት። ቀያሹ አየንና እሱም ዞረው። እርጥብ ሸሚዜ እዚያ ጋ በሁለት ሸምበቆ ላይ ተዘርግቶ ሲደርቅ፣ ጭስ ጭስ እያለ ትምህርት ቤት እለብሰው ነበር። ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ እኔ አንገትጌውን እያሸተትኩ ቤቴን እናፍቅበታለሁ።

ሠላሳ አራት ሆነ። ከዚያ አክስቴ ወደ መኪናው ጀርባ ሄደች፤ ተቃዋሚ ተጠራች። አሁን ቀያሹ እሷ በነካችው ቦታ ሁሉ ችካል መታ። ተቃዋሚ እንደ አክስቴ ታሪክ አላበዛችም፤ «እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ» እያለች እንደ ቁጥር ቆጣሪ ሄደች። ጨረሱ። ቀያሹ ወረቀቱን ከወረቀቱ አስተያየ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። ሠላሳ ሦስቱ በስንዝር ውስጥ ገጥመዋል። አሥራ ዘጠነኛው ብቻ በሁለት እርምጃ ይለያያል።

አክስቴ ተጠርታ ችካሉን ስታየው እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ይኼ እዚህ አልነበረም።»

«በዝናቡ ዓመት አዙሬዋለሁ» አለች ተቃዋሚ።

«አላዞርሽም።»

«የኔን ምድጃ አንቺ ልትነግሪኝ ነው?»

ይህ ክርክር እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ነው፤ ኮሚቴ ስላለ የሚቆም አልነበረም። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። ቀያሹ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ፣ ተመካክረው ቢሆን ኖሮ እዚህም ላይ በተስማሙ ነበር አለው።

የሕግ ባለሙያው ደንቡ የሚለው በዓይን የሚታይ ነው፣ በአፍ የሚነገር አይደለም አለ። ቀያሹ ችካሉ ይታያል አለ። ችካሉን የመታኸው አንተ ነህ አለ የሕግ ባለሙያው። ቦታውን ያሳዩኝ እነሱ ናቸው አለ ቀያሹ። ሰብሳቢው ሁለቱንም አየና፣ አለቃ ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ ለአለቃው ተወው። ሰኞ ዋና ኃላፊዋ ራሳቸው መጥተው ያዩታል። እስከዚያ አንድም ችካል እንዳይነቀል። እንዲያውም ሌላ ምልክት ካለ ቢጨመር ጥሩ ነው።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። «ሠላሳ አራቱም?»

«ሠላሳ አራቱም።»

«አራት ቀን ሙሉ እንዲህ ተሰክቶ?»

«አራት ቀን።»

ሌሎቹ ኮረብታውን ወጡ፤ እሷ አልወጣም አለች። ችካሎቹን የሚነቅል እንዳይመጣ ልትጠብቅ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። አላፊ አግዳሚ ቢመጣ የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል አለች፤ ይኼ የእኛ ዝርክርክነት ሳይሆን የመንግሥት ሥራ መሆኑን የሚነግር።

እኔ ከተማ ገባሁ። ዓርብና ቅዳሜ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ የሰው በደል ስጽፍ ዓይኔ የሚያየው አክስቴን ነበር፤ ጎንበስ ብላ አንዱን ችካል ስትነቅል፣ ከዚያ ሌላውን፣ ጉድጓዱን ስትደፍን። እጇን አውቀዋለሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ የማይችል እጅ ነው። አንዲት ሴትዮ ባሏን ልትከስ መጥታ፣ ማመልከቻዋ ውስጥ «ችካል» የሚል ቃል ሁለት ቦታ አገኘችና ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ይቅርታ ጠይቄ ሰረዝኩት።

ሰኞ ወረድን። ሠላሳ አራቱም ችካል ቆመዋል። አክስቴ በመጀመሪያው ችካል አጠገብ፣ በእናቷ ምድጃ ቦታ፣ ሦስት ድንጋይ ከውኃው አውጥታ እሳት አንድዳለች። ብርድ ስለነበር ነው እንጂ ምልክት ልትጨምር አይደለም፤ ይህን ለማንም አልነገርኩም። ምግብ ስታመላልስላት የሰነበተችው ተቃዋሚ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ በአራት ቀን ያለፈው አንድ ዓሣ አጥማጅና አንዲት ላም ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። አክስቴ ለሁለቱም አስረድታለች።

ኃላፊዋ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ጭቃውን ተሻግረው መጡ። ጎልማሳ ሴት ናቸው፤ ብዙ ስብሰባ የተቀመጠ ፊት አላቸው። ሰብሳቢው ወረቀቱን ዘርግቶ ስለ ስንዝሩና ስለ ሁለቱ እርምጃ ማስረዳት ጀመረ። አክስቴ ከእሳቷ አጠገብ ተነሣች፤ ቀሚሷን አራገፈች፤ ሰብሳቢውን አልፋ ፊታቸው ቆመች። ጎንበስ አለች። እንደዚያ ስታፍር አይቻት አላውቅም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አለች። «ቤቱ ተዝረክርኳል።»

ኃላፊዋ ዳርቻውን አዩ። ውኃ፣ ሣር፣ ሸምበቆ፤ ችካሎቹና አንድ ሳህን የምታህል አመድ። ሰብሳቢው ንግግሩን ቀጠለ፤ በእጃቸው አስቆሙት።

«ቤቱ እስከየት ድረስ ነው፣ እማማ?»

አክስቴ ከዘመመው ዛፍ ጀምራ ውኃው እስከሚታጠፍበት ድረስ በእጇ አሳየች። ኃላፊዋ ቀያሹን «ለካው» አሉት።

ደብዳቤው ከአርባ ቀን በኋላ መጣ፤ ማኅተሙ ከበፊቱም ይበልጣል። «ሌሎች» በሚል ስም ለሦስት ዓመት ፈቃድ ተሰጥቶናል፤ ከዘመመው ዛፍ እስከ ውኃው መታጠፊያ ሳይሆን እስከ ግማሹ። ኮረብታው ላይ ሳነበው ሴቶቹ አለቀሱ፤ ተቃዋሚ ግማሹ የቀረው በአንቺ አሳያየት ነው ብላ አክስቴን ወቀሰቻት። ከሥር አንድ ሁኔታ ነበረ። የይዞታው ምልክቶች ማለትም ምድጃ፣ አመድ፣ ማድረቂያና ማሰሪያ ዓመቱን ሙሉ በዓይን መታየት አለባቸው። በየዓመቱ ተቆጣጣሪ ይመጣል። ምልክት ከጠፋ ፈቃዱ ይሰረዛል።

«አመዱም?» አለች አክስቴ።

«አመዱም።»

ዘንድሮ ወረዱ። ሦስቱን ወር አጨዱ፣ አደረቁ፣ ሠሩ። በመጨረሻው ቀን ጠረጴዛዬን ለጫማ ጠጋኙ አደራ ብዬ እኔም ወረድኩ። ሥራው እስከ እኩለ ቀን አለቀ፤ የሚሠራ አልነበረማ። ጥቁር ምድጃዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል፤ ቆጦቹ ላይ ገመድ ይወዛወዛል፤ ልጣጩ በነፋስ ይንከባለላል። ሰዎቹ በድንጋጤ ጥለውት የሸሹት ሠፈር ይመስላል። ሴቶቹ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው ቀሚሳቸውን ይዘው ቆሙ። ወጣቶቹ ቶሎ እንሂድ አሉ። አንዷ አንድ ልጣጭ ልታነሣ ጎንበስ ብላ፣ ሌላዋ ክንዷን ያዘቻት።

አክስቴ ከእኔ ጋር ኋላ ቀረች።

«ፈቃዱ ሦስት ዓመት ነው አይደል?» አለችኝ።

«ሦስት ዓመት። አይዞሽ፣ ከማለቁ በፊት እንዲታደስ አመለክታለሁ።»

«አመልክት። አታዘግየው።» በእግሯ ጣት አንድ ልጣጭ ገፋ አደረገች። «አሮጌው አልቆ አዲሱ እስኪመጣ ድረስ ግን፣ በመካከል ባዶ ቀን ይኖር ይሆን?»

መሥሪያ ቤቱ ትዝ አለኝ፤ መዝገብ ቤቷ፣ ወረፋው፣ ነገ ተመለስ፣ አለቃው ስብሰባ ናቸው፣ ፋይሉ ሌላ ክፍል ሄዷል።

«ቀን ብቻ?» አልኳት። «ወራት ይኖራል።»

ዳርቻውን በዓይኗ ለካችው፤ ከዘመመው ዛፍ እስከ ውኃው መታጠፊያ፣ የተከለከልነውን ግማሽ ጨምራ።

«ሁለት ቀን ይበቃናል» አለች።